አንድ ተጨማሪ ዙር

ሃያ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ፣
ከዙግዲዲ ሜስትያ መንገዱን በልቻለሁ፤
ጎድጓዱን በስሙ ጠርቼ አልፈዋለሁ።
ቁልቁለት ለእኔ ብርቄ አይደለም፤
በጉምም በናዳም ያልወረድሁት የለም፤
ግን ሁልጊዜ ተቀምጬ፣
መሪዬን ጨብጬ፣
ፍሬኔን ረግጬ።

በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በየካቲት ማለዳ፣
ሃትስቫሊ ላይ ቆምሁ፣ በኪራይ የበረዶ ሰሌዳ።
የኡሽባ መንታ ጫፍ ቁልቁል እያየኝ፣
«ናቴላ፣ ምን ነካሽ?» ያለኝ መሰለኝ።

መምህሬ ጃንሱግ ነው፤ ወሬ የማያበዛ፣
አንድ ጣቱን ለውርጭ ከፍሎ ዕውቀት የገዛ።
«መንዳት ትችያለሽ፣ ሰምቻለሁ» አለኝ፤
«ዛሬ ግን መውደቅ ነው፤ ቁጭ በዪና ስሚኝ።»
ሄልሜቴን ነቀነቀው፣ ግንባሬም አብሮ ተነቃነቀ፤
«ልኩ ነው» አለና የአገጬን ማሰሪያ አጠበቀ።
እኔ በጥድፊያ ያሰርሁትን ጫማ ፈትቶ እንደገና አሰረው፣
«ሲሮጡ የታጠቁት…» ብሎ ጀመረና ቀሪውን ለእኔ ተወው።

«ወደ ፊት ስትወድቂ እጅሽን ጨብጪ፤
መዳፍሽን ዘርግተሽ መሬትን አትጨብጪ፤
በጉልበትሽ፣ በክንድሽ ተንሸራተሽ አምልጪ።
ወደ ኋላ ከሆነ፣ አገጭ ከደረት ይጠጋ፣ ወገብ ይጉበጥ፤
ዕዳውን ይክፈለው ለዚሁ የተፈጠረ ቂጥ።»

ወደቅሁ።
በጉልበቴ ወደቅሁ፤ በጎኔ ወደቅሁ፤
ቆሜ ሳለሁ እንኳ፣ ነፋስ ሳይነካኝ ወደቅሁ።
የስድስት ዓመት ልጅ፣ ሮዝ ቱታ የለበሰች፣
«አክስቴ፣ ተረከዝ!» ብላኝ በአጠገቤ አለፈች።
ስንት ጎረምሳ ሹፌር ሲመክረኝ ያልሰማሁ፣
ለዚች ጥርሰ ወላቃ «እሺ፣ እመቤቴ» አልሁ።

ተረከዜን ተጫንሁ፤ ጣቶቼን አነሳሁ።
ጠርዙ በረዶውን ነከሰ፤
ያ የማውቀው ድምፅ ጆሮዬ ደረሰ፣
ጎማ ሥር ጠጠር ሲፋጭ።
ጠፍጣፋ ስለቀው፣ ዜሮ ማርሽ ነው፣ ይበራል፤
ጠርዙን ሳስነክሰው ይታዘዛል፣ ይቆማል።
አሃ! ፍሬን አለው።
ፍሬኑ እኔው ነኝ ለካ።

«ከታች ያለው ይቀድማል፤ በጀርባው አያይም።
ጉብታ ሥር አትረፊ፤ ከላይ የሚመጣው አያይሽም።»
ይህንንስ አውቃለሁ፤ ጠመዝማዛ ላይ ማን መኪና ያቆማል?
«ከቀዩ ገመድ ወዲያ…» አለና እጁን አነሳ፤
የጎደለችው ጣት ቀሪውን ተናገረች።

ወደ አስር ሰዓት ላይ የልጆቹን ቁልቁለት
ሦስቴ ወረድሁት፣ አንዴም ሳልወድቅበት።
«አንድ ተጨማሪ ዙር!» አልሁ፣ ጭኔ እየተንቀጠቀጠ፤
ጃንሱግ መልስ ሳይሰጥ በረዶውን በተረከዙ ረገጠ።
ጠዋት ዱቄት ነበር። አሁን ጠርሙስ ሆኗል።
«ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ዙር ይሰበራል።»

ልከራከር ነበር።
ጉራም ትዝ አለኝ፤ የመስመር ጓደኛዬ፣ ሳቂታው፣
«አራት ሰው ብቻ ነው፣ አድርሼ መጣሁ» ብሎ የወጣው፣
በኅዳር፣ በማታ፣ ዓይኖቹ ቀልተው።
የሻይ ብርጭቆው መናኸሪያው መስኮት ላይ
ስንት ሳምንት ቆየ፣
ላንሳው ያለ አልታየ።

በወንበሩ ወረድሁ፣ ሰሌዳዬን ታቅፌ።
ባዶ ወንበሮች በጎኔ ሽቅብ ያልፋሉ፣
እየተወዛወዙ፣ ማንንም ሳይጭኑ።
ታች ያለው ገመድ ጠባቂ፣ «ምነው፣ ተጎዳሽ?» አለኝ።
«የለም» አልሁት።
አላመነኝም መሰል፣ ክንዴን ይዞ አወረደኝ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣
ሾፌር ወንበሬ ላይ ትራስ አደረግሁበት።
ከኋላ አንዲት ተሳፋሪ፣ አይብ የያዘች፣
«ናቴላ፣ ትራሱ ለምንድን ነው?» አለች።
«ዕዳ ከፍዬ ነው» አልኋት፣
ቁልፉን አዞርሁት፤
ከመነሳቴም በፊት ፍሬኑን አንዴ ሞከርሁት።